የአፋችን ነዋሪዎችና ዘረመላቸው

በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ጂንኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ ለቲቢ ምርመራ ሲያገለግል ቆይቷል። ለሳምንታት ሲያስል የቆየ ሰው አክታውን በትንሽ ዕቃ ይሰጣል። ባለሙያው አክታውን ከፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ አንዲት የፕላስቲክ ካርትሪጅ ውስጥ ይጨምርና ለመሣሪያው ያጎርሰዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ሲያልፍ ሁለት ነገር ይታወቃል፦ ቲቢ አለ ወይስ የለም፤ ካለስ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት ይቋቋማል ወይስ አይቋቋምም። ድሮ ይህንኑ ለማወቅ ባክቴሪያውን አሳድጎ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነበር።

መሣሪያው ባክቴሪያውን በዓይን አያየውም። የሚያነበው ዘረመሉን ነው። ዘረመል የሚጻፍበት ዲኤንኤ የተባለው ንጥረ ነገር አራት ዓይነት የኬሚካል ፊደላት አሉት፤ ጂንኤክስፐርት አርፒኦቢ ከሚባለው የቲቢ ዘረመል 81 ፊደላት የያዘችውን ቁራጭ ይፈልጋል። ቁራጯ ከተገኘች ቲቢ አለ፤ ከፊደላቱ አንዱ ተለውጦ ከተገኘ መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መጨረሻ ከፈቀደው ወዲህ በአገራችን ሆስፒታሎች ተስፋፍቷል። ስለዚህ የዘረመል ጥናት ሲባል የሩቅ አገር ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ ከዚህ አዳራሽ በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት ነገር ነው።

አክታው ግን ከሳንባ ተነሥቶ በአፍ በኩል ነው የወጣው። ሲወጣም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአፍ ባክቴሪያዎችን ይዞ ነው። መሣሪያው እነርሱን አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል፤ ሥራው አይደሉምና። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚያ ስለታለፉት ነው።

በሰው አፍ ውስጥ እስካሁን 700 ያህል የባክቴሪያ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሁሉም በአንድ ሰው አፍ አይገኙም፤ ሁሉም ጠላቶች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብረውን የሚኖሩ፣ ክፉዎቹን ባክቴሪያዎች ቦታ የሚያሳጡ ናቸው። መጀመሪያ ያያቸው ደልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ ይኖር የነበረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊውንሁክ ነው። በ1683 ከገዛ ጥርሱ ላይ ነጩን ንጣፍ ፍቆ፣ በራሱ እጅ በሠራው አጉሊ መነጽር ሲያየው የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አገኘና ለንደን ላለው የሳይንስ ማኅበር ጻፈ። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በርሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር ጥርስን የሚቦረቡረው ትል ሳይሆን፣ ባክቴሪያ ከምግብ የሚያወጣው አሲድ መሆኑን በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። እኛ ዘንድ ዛሬም «ጥርሴን ትል በላው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐኪም ትል እንደሌለ ነግሮት እንኳ የሚያምነው ጥቂቱ ነው፤ አልፈርድበትም፤ ሕመሙ በእርግጥ የሚበላ ትል ይመስላል። በ1924 ደግሞ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ ከተቦረቦረ ጥርስ አንድ ባክቴሪያ ለይቶ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ብሎ ሰየመው። ዛሬ ለጥርስ መቦርቦር ዋነኛ ተጠያቂ ከሚባሉት አንዱ እርሱ ነው።

ስም ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን ማወቅ ሌላ ነው። የባክቴሪያን ዘረመል ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ዛሬ ቀላል ሆኗል። የሚውታንስ ሙሉ ዘረመል በ2002 ታትሟል፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ፊደላት፣ ወደ 1,960 የሚጠጉ ዘረመሎች። ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ ጥርስ የሚያስቦረቡረው የትኛው ነው? ዝርዝሩ አይናገርም። ለማወቅ ያለው መንገድ በደቦ ላይ የሰው ሥራ የሚታወቅበት መንገድ ነው፦ ሃያ ሰው በሚያጭድበት ማሳ ላይ አንዱ ቢቀር፣ በዚያ ቀን ምን ሳይሠራ እንደዋለ አይቶ የቀረው ሰው ሥራ ምን እንደነበረ ይታወቃል። የዘረመል ተመራማሪም አንድ ዘረመል ብቻ ከባክቴሪያው ያነሣል፤ ከዚያ ባክቴሪያው ምን ማድረግ እንዳቃተው ያያል። የዘረመል መሣሪያ የምለው ይህንን የማንሣት፣ የመመለስና የመለወጥ ችሎታ ነው። ያለ እርሱ የምናውቀው ማን ከማን ጋር እንደሚገኝ ብቻ ነው። አብሮ መገኘት ደግሞ ጥፋተኛ መሆን አይደለም።

ይህን ችሎታ ሳይንቲስቶች አልፈጠሩትም። የተማሩት ከጉሮሯችን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1928 ፍሬድሪክ ግሪፍዝ የተባለ የለንደን ሐኪም የሳንባ ምች በሚያስከትለው ባክቴሪያ ይሠራ ነበር። ይህ ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒ ይባላል፤ በብዙ ጤነኛ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይኖራል። ግሪፍዝ በሙቀት የተገደለውን አደገኛ ዓይነት ሕይወት ካለው የማይጎዳ ዓይነት ጋር ቀላቅሎ አይጦችን ወጋ። አይጦቹ ሞቱ፤ በደማቸውም ሕያው አደገኛ ባክቴሪያ ተገኘ። የማይጎዳው ከሞተው አንድ ነገር ወስዶ ተለውጧል ማለት ነው። የተወሰደው ነገር ምን እንደሆነ በ1944 ኒው ዮርክ ውስጥ ኦስዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክላውድና ማክሊን ማካርቲ አረጋገጡ፦ ዲኤንኤ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤታችን የሚሰጠው የዘር ውርስ ትምህርት መሠረቱን የጣለው በዚህ የጉሮሮ ነዋሪ ላይ ነው።

የአፍ ስትሬፕቶኮከሶች የእርሱ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ያንኑ ጠባይ ይዘዋል። በዙሪያቸው የወደቀ ዲኤንኤ ሲያገኙ ወደ ውስጥ ስበው፣ ከራሳቸው ጋር የሚመሳሰል ከሆነ በራሳቸው ቦታ ይተኩታል። እንዲያውም መቼ እንደሚስቡ በመካከላቸው ይጠራራሉ፤ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ይለቃሉ፤ ቁራጩ በበዛ ጊዜ ሁሉም ለመሳብ ይዘጋጃሉ። ተመራማሪው የሚያደርገው ይህንን ጠባይ መጠቀም ነው። ማንሣት የሚፈልገውን ዘረመል ግራና ቀኝ ፊደላት ይወስዳል፤ መካከሉን አውጥቶ በምትኩ ካናማይሲን የተባለ መድኃኒት የሚቋቋም ዘረመል ያስገባል፤ ለባክቴሪያው ይሰጠዋል። ከዚያ ካናማይሲን ባለበት ምግብ ላይ ያሳድገዋል። የተረፈው አዲሱን ቁራጭ የወሰደው ብቻ ነው። ዴኒስ ፔሪና ሃዋርድ ኩራሚትሱ ሚውታንስን በዚህ ዓይነት መንገድ መለወጥ እንደሚቻል በ1981 አሳይተዋል።

ከዚያ በኋላ የተገኘው ለእኛ ኑሮ ቅርብ ነው። ሚውታንስ ጂቲኤፍ የሚባሉ ኢንዛይሞችን የሚሠሩ ዘረመሎች አሉት። ኢንዛይሞቹ ስኳርን ይሰብሩና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነገር ይሠራሉ፤ ባክቴሪያው በዚያ ጥርስ ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ የሚወጣውም አሲድ በምራቅ ሳይታጠብ ጥርሱን ይበላል። በ1993 እነዚህ ዘረመሎች አንድ በአንድ ተነሥተው በአይጥ ተሞከሩ፤ ሙጫውን መሥራት ያቃተው ባክቴሪያ የሚቦረቡረው ጥርስ በእጅጉ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ጂቲኤፍ የሚሠራው ከአገዳ በሚገኘው፣ ሻይ ውስጥ ከምንጨምረው ስኳር ነው። የማር ጣፋጭነት ግን በአብዛኛው ከሌሎች ሁለት ቀላል ስኳሮች የመጣ ነው፤ ከእነርሱ ሙጫውን አይሠራም። ይህን ስናገር የጎጃም ማር ነጋዴዎች ፈጥነው ደስ እንዳይላቸው፤ አሲዱ ከማርም ይወጣል፤ ማር ጥርስ ላይ አድሮ ሲጎዳም ይታያል። ሙጫው ግን የስኳር ሥራ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የደጋ ገበሬ ጣፋጭ የሚያውቀው በማርና በጠጅ ነበር። አሁን ያለው ልጅ ከረሜላውን ከየሱቁ ያገኛል።

አንዳንዱ ተመራማሪ ዘረመል ከማንሣት አልፎ ባክቴሪያውን በሌላ ሊተካ አስቧል። ጄፍሪ ሂልማን የተባለ አሜሪካዊ በ2000 ያሳተመው ሥራ አሲድ የሚያወጣበትን ዘረመል አንሥቶ በምትኩ አልኮል የሚያወጣበትን ያስገባበት ሚውታንስ ነው። የአልኮሉ መጠን ከምንም አይቆጠርምና ጠላ ወዳጆች ተስፋ አታድርጉ። ሥራው ብልህነት ያለበት ነው፤ ይህን ዓይነቱን ባክቴሪያ እንደ መዋቢያ የሸጠ ኩባንያም ተነሥቷል። እኔ ግን በሰው ላይ በሰፊው ሳይመረመር ወደ አፍ የሚገባበትን መንገድ አልደግፍም። ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነገር አንድ ሰው ብቻውን የሚወስነው ጉዳይ አይደለም።

አሁን ከጥርስ ወደ ልብ ልውሰዳችሁ፤ የዚህ ንግግር ዋና ነገር እዚህ ነው። በአገራችን ወጣቶችን ከሚያሰቃዩ የልብ ሕመሞች አንዱ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም፣ በተለምዶ ቶንሲል የምንለው፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ቁርጥማት ያስከትላል፤ ከዚያም የልብን ቫልቮች ያበላሻል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል፣ የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለረጅም ዓመታት የደከሙበት፣ ከሚያክማቸው ልጆች ብዙዎቹ በዚህ የተጎዱ ናቸው።

ታዲያ የአፍ ባክቴሪያ እዚህ ምን አገባው? ስትሬፕቶኮከስ ሳንጉዊኒስ የሚባል አለ። በአፍ ውስጥ ሲኖር ሰላማዊ ነው፤ እንዲያውም ሚውታንስን የሚቃወም፣ የጤነኛ ጥርስ ነዋሪ ነው። ጥርስ ሲነቀል ወይም ድድ ሲቆሰል ግን ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ሰውነት በደቂቃዎች ያጠራዋል። ቫልቩ በተበላሸ ሰው ግን ባክቴሪያው ቫልቩ ላይ ተጣብቆ ሊራባ ይችላል። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ልብ ይደክማል፤ ሳይታከም የሚድን የለም። ሐኪሞች ኢንዶካርዳይተስ ይሉታል። በአፍ ሰላማዊ የሆነው በልብ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን ምን ለወጠው? ለዚህ ጥያቄ ዝርዝር ማንበብ ብቻውን አይበቃም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች የሳንጉዊኒስን ሙሉ ዘረመል በ2007 አነበቡ። ከዚያ ትዕግሥት የሚጠይቀውን ሥራ ጀመሩ፦ ወደ 2,270 የሚጠጉትን ዘረመሎች እያንዳንዳቸውን፣ አንድ በአንድ፣ በካናማይሲን ዘረመል ለመተካት መሞከር። ውጤቱ በ2011 ታተመ። 218 ዘረመሎች ሲነሡ ባክቴሪያው ጨርሶ አይኖርም። የቀሩት ግን ቢነሡም ይኖራል፤ ስለዚህ አንዱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚቀርበት መጠየቅ ይቻላል። ይህ ስብስብ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ የሚጠና ሀብት ሆነ።

ከዚህ ቀደም ብሎ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዘረመል ጎልቶ ወጥቶ ነበር፤ ኤስኤስኤቢ ይባላል። ሥራው ማንጋኒዝ የተባለውን ማዕድን ከውጭ ወደ ባክቴሪያው መሳብ ነው። ዘረመሉ የተነሣበት ባክቴሪያ በጥንቸል ሲሞከር የልብ በሽታ የማምጣት ኃይሉ እጅግ ተዳከመ። ምክንያቱም ቀስ እያለ ተገለጠ። ጥርስ ላይ ባለው ወፍራም ንጣፍ ሥር ኦክስጅን በማይደርስበት ቦታ ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ለመገንባት የሚጠቀምበት አንድ ኢንዛይም አለው። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ይበዛበታል፤ ያ ኢንዛይም አይሠራም፤ ሌላ ኢንዛይም ያስፈልገዋል፤ ያ ሌላው ደግሞ ማንጋኒዝ ይሻል። እንግዲህ ልብ ውስጥ የሚያኖረው ልዩ ጭካኔ አይደለም፤ አንዲት የማዕድን ፍላጎት ናት። ይህችን ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ቢገኝ በአፍ ያሉትን ደጋግ ባክቴሪያዎች ሳይፈጅ ልብን ሊጠብቅ ይችላል። ዛሬ የምንጠቀምባቸው አንቲባዮቲኮች እንዲህ ለይተው አይመቱም።

ሁሉም ባክቴሪያ ግን እንደ ስትሬፕቶኮከስ እሺ አይልም። ብዙዎቹ የራሳቸውን ዲኤንኤ በኬሚካል ምልክት ያትማሉ፤ ያ ምልክት የሌለበት ዲኤንኤ ሲገባ ይቆራርጡታል። ስለዚህ ተመራማሪው የላከው ቁራጭ ገና ከመግባቱ ይጠፋል። በ2019 ክሪስቶፈር ጆንስተንና ባልደረቦቹ መላ አቀረቡ፦ ባክቴሪያው የትኞቹን የፊደል ቅደም ተከተሎች እንደሚቆርጥ አስቀድሞ ማንበብ፣ ከዚያ የሚላከውን ዲኤንኤ ትርጉሙ ሳይለወጥ እነዚያ ቅደም ተከተሎች እንዳይኖሩበት አድርጎ መሥራት። ከአፍ ነዋሪዎች አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም ነው፤ ድድ ሥር ይኖራል፤ በ2024 የታተመ ጥናት የዚህ ባክቴሪያ አንድ ዓይነት በትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ እንደሚበዛ አሳይቷል። በ2015 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቲኤም7 የሚባሉ፣ በሌላ ባክቴሪያ ጀርባ ላይ ተጣብቀው ብቻ የሚኖሩ እጅግ ደቃቃ ባክቴሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ አደጉ፤ ዘረመላቸውን መለወጥ የተቻለው ገና በ2023 ነው።

እኔን የሚቆጨኝ የኖማ ነገር ነው። ኖማ በምግብ እጥረት የደከመን፣ ብዙ ጊዜም ኩፍኝ የያዘውን ሕፃን የሚያጠቃ በሽታ ነው። በድድ ቁስል ይጀምርና በጥቂት ቀናት ጉንጭንና አጥንትን ይበላል። ሳይታከሙ ከሚቀሩት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የተረፉት ፊታቸው ተበላሽቶ ከሰው ተደብቀው ይኖራሉ። በአገራችንም አለ፤ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ቀዶ ሐኪሞችን አዲስ አበባ እያመጣ ፊታቸውን ሲጠግን ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገሮች በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በታኅሣሥ 2023 ነው። ኖማ አንድ ገዳይ ባክቴሪያ የለውም፤ ብዙ የአፍ ባክቴሪያዎች በአንድነት የሚያመጡት ነው፤ ከተጠረጠሩት ብዙዎቹም የዘረመል መሣሪያ ያልተበጀላቸው ናቸው። መሣሪያው በሚገባ የተሠራው ለስኳር በላተኛው አገር ባክቴሪያ ነው። ድሃ ሕፃን ላይ ለሚዘምቱት ገና ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን አነጋግራለሁ። በዓለም ላይ ብዙ የተጠናው ሚውታንስ፣ ዩኤ159 የሚባለው፣ በአላባማ ከአንድ ልጅ ጥርስ የተወሰደ ነው። ዲኤንኤ የመቀበል ጠባይ ግን ከዝርያ ዝርያ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። የጮቄ ተራራ ሥር ገበሬ አፍ ውስጥ ያለው ሚውታንስ የአላባማውን ትምህርት ሁሉ ይቀበላል ብሎ መገመት አይቻልም። ከሕሙማን ፈቃድ ጋር የአካባቢያችንን የአፍ ባክቴሪያዎች ለይቶ፣ በጥልቅ ቅዝቃዜ ማስቀመጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሚችለው ሥራ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ባሕር ዳር የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ አዲስ አበባ ከ1970 ጀምሮ የሚሠራው የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት አለ። የባክቴሪያ ስብስብ ከሌለ የሚነሣ ዘረመልም የለም።

የሚጠየቅ ጥያቄም በእጃችን አለ። አባቶቻችን በወይራና በክትክታ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ የመፋቂያ ልማድ ባለባቸው አገሮች ልማዱ እንዲበረታታ መክሯል። መፋቂያው የሚጠቅመው በመፈግፈጉ ብቻ ነው ወይስ የእንጨቱ ጭማቂም የባክቴሪያን ሥራ ይከለክላል? ጭማቂው ባለበትና በሌለበት፣ የጂቲኤፍ ዘረመል ባለውና በሌለው ባክቴሪያ ላይ መሞከር ይቻላል። ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው፤ መልሱም ከረሜላውን ከየሱቁ ለሚያገኘው ልጅ ይጠቅማል።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር ልጨምር። ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ እንደሚቀባበሉ ነግሬያችኋለሁ። የሳንባ ምች ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን ለመቋቋም የተጠቀመባቸው ዘረመሎች ከፊላቸው ከአፍ ነዋሪ ዘመዶቹ የተወሰዱ መሆናቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ተረጋግጧል። ጥርስ ሲያም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ወስዶ የሚተው ሰው፣ በአፉ ውስጥ መቋቋም የሚችሉትን መርጦ እያሳደገ ነው። ነገ ልጁ የሳንባ ምች ሲይዘው ያ የተመረጠ ዘረመል ወደ በሽታው ባክቴሪያ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆችን እለምናለሁ። ልጃችሁ ጉሮሮው ሲያመው እንጥሉን አታስቆርጡ፤ የሕፃን ድድ በጥፍርም በምላጭም አታስነኩ፤ ቁስሉ ለባክቴሪያ ወደ ደም መግቢያ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በየወሩ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘላችሁ የልብ ሕሙማን አንድም ወር አታሳልፉ። ጥርስ ለማስነቀል ስትሄዱ ደግሞ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት የልብ ቫልቭ ሕመም እንዳለባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አስቀድሞ መድኃኒት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የሚወስነው እርሱ ነው።